ወፍ የማይገድለው ጠበንጃ

ከአንባቢዎቻችን መካከል ወፍ ስትበር ፎቶግራፍ ለማንሣት የሞከረ ሰው ቢኖር ድካሙን ያውቀዋል። አነጣጥሮ እስኪይዝ ወፊቱ ሄዳለች፤ ቢቀናውም የሚያገኘው ክንፉ የደበዘዘ ጥላ ነው። ይህን ችግር በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ያሸነፉት ፈረንሳዊው ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ ናቸውና ዛሬ ታሪካቸውን ባጭሩ እንተርካለን።

ማሬ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. በወይን ጠጇ በታወቀችው በቦን ከተማ ተወለዱ። በፓሪስ ሕክምና ተማሩ፤ ዳሩ ግን ልባቸው ከበሽተኛ አልጋ ይልቅ ወደ መሣሪያ ሥራ ያደላ ነበር። በ1860 የደም ሥርን ትርታ ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ሠሩ። ቀጥሎም የወፍን ክንፍ እንዲሁ አስጻፉ፤ ለዚህም ወፉን ማሰሪያና የጎማ ቱቦ ያስታጥቁት ነበር። ታጥቆ የሚበር ወፍ እንደ ልቡ ይበራልን? ይህ ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው።

በ1878 እንግሊዛዊው ሙይብሪጅ በካሊፎርኒያ የሚጋልብ ፈረስ በተደረደሩ ካሜራዎች ማንሣቱ ሲሰማ፥ ማሬ ለወፍም እንዲሁ እንዲደረግ ጠየቁ። ሙይብሪጅ በ1881 ወደ ፓሪስ ይዞት የመጣው የወፍ ፎቶግራፍ ግን ተከታታይ አልነበረም። ወፍ እንደ ፈረስ በካሜራ ሰልፍ ፊት በተሰመረላት መንገድ አትሄድምና፥ መሣሪያው ራሱ ሊከተላት ይገባ ነበር።

እንግዲህ ማሬ በ1882 በናፖሊ አጠገብ በፖዚሊፖ ሳሉ ሰደፍና ቃታ ያለው የፎቶግራፍ ጠበንጃ ይዘው ወጡ። ሌንሱ በረዥሙ አፈሙዝ ውስጥ ነው፤ ከኋላው ከበሮ በሚመስል ቤት ውስጥ የመስተዋት ሰሌዳ ይሽከረከራል። ቃታው ሲሳብ በአንድ ሴኮንድ 12 ምስል ይነሣል፤ እያንዳንዱም ብርሃን የሚያገኘው ለሴኮንድ 1/720ኛ ብቻ ነው። ወደ ወፍ እያነጣጠረ የማይተኩስ፥ ባዶ እጁንም ደስ ብሎት የሚመለስ ሰው ያዩ የመንደሩ ሰዎች የፖዚሊፖ ጅል ብለው ሰየሟቸው ይባላል። እኛም ጎረቤት ብንሆን ኖሮ ሌላ ስም የምናወጣላቸው አይመስለንም።

ጅሉ ግን ነጭ የባሕር ወፍ ይዘዋል። ወፊቱ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ክንፏን ስለምትመታ፥ ለአንዱ ምት አራት ምስል ደረሰው፤ ክንፉ ከፍ ብሎ፥ መውረድ ጀምሮ፥ ከታች ደርሶ፥ እንደገና ሲነሣ። ማሰሪያ የለ፥ ቱቦ የለ።

ሆኖም ምስሎቹ እጅግ ትንንሽ ነበሩ። ማሬ ወዲያው ጠበንጃውን ወደ ጎን አድርገው፥ በፓሪስ በጥቁር መደብ ፊት በተተከለ ካሜራ መሥራት ጀመሩ፤ በ1888ም ተጠቅላይ የወረቀት ፊልም አመጡ። ሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 በሲኒማ ሲታወቁ እርሳቸው አልቀኑም፤ ዓይን ራሱ የሚያየውን መልሶ ማሳየት አያስደስታቸውም ነበርና። በ12 ምስል የማይያዝም ወፍ አለ። ሃሚንግበርድ የተባለችው የአሜሪካ ወፍ በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ክንፏን ስለምታርገበግብ፥ በ1930ዎቹ ዓመታት የኤጀርተንን የኤሌክትሪክ ብልጭታ መጠበቅ ነበረባት።

አሜሪካዊው ዊልበር ራይት በ1899 ስለ በረራ መጻሕፍት ሲጠይቅ፥ የማሬን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ ነበር። ማሬ በፓሪስ ያረፉት በግንቦት 1904 ነው፤ ራይት ወንድማማቾች በሞተር ከበረሩ ገና አምስት ወር ሆኗቸው ነበር።