ራስ ጎበና ዳጬ (አባ ጥጉ)

በሸዋ ኦሮሞ መካከል የተወለዱትን ራስ ጎበና ዳጬን አንዱ አገር ያቀኑ ጀግና፣ ሌላው ወገናቸውን አሳልፈው የሰጡ ሰው ይላቸዋል። ፈረሰኛነታቸውን ግን የሚክድ የለም። ድልድይና የመኪና መንገድ ባልነበረበት ዘመን ጦራቸውን ግቤን አሻግረው እስከ ሌቃ አዝልቀዋል። ኃይላቸው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የአገሩን ቋንቋና ልማድ ማወቃቸው ከሰይፍ የማይተናነስ ጉልበት ሆኗቸዋል። የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ የገቡትም ያለ ጦርነት ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ሆነው ሲማረኩ፣ የጎበና ፈረሰኞች ድርሻ ከፍ ያለ ነበር።

በጉራጌና በሐድያ ምድር ግን ፈረስ ብቻውን አልበቃም። የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ ሕዝቡን በእስልምና አስተባብረው የሸዋን ጦር ለዓመታት ተከላከሉ። ኋላ ሆሳዕና ለተባለችው ለዋቻሞ አካባቢ ይህ የነፃነት ትግል ስለነበር፣ የጎበና ታሪክ ያለ ሐሰን ታሪክ ግማሽ ነው። ጎበና ሐሰንን ድል ያደረጉት በ1880ዎቹ መባቻ ጀብዱ ሜዳ ላይ ነው።

በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ጉቴ ዲሊ ላይ የመሐዲስቶችን ጦር መለሱ። ዓመቱ ሳይወጣም አረፉ።