ሮበርት ቤደን ፓወል

ሮበርት ስቲቨንሰን ስሚዝ ቤደን ፓወል (ከየካቲት 16 ቀን 1849 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 1933 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 እስከ ጃንዩዋሪ 8 ቀን 1941) የእንግሊዝ ጦር መኮንን፣ ደራሲና የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች ነበር። ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ጫካ ወጥተው፣ ድንኳን ተክለው፣ ምግባቸውን ራሳቸው አብስለው ተፈጥሮን የሚማሩበት ልማድ በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ከማንም በላይ ስሙ የሚነሣው እርሱ ነው። የሕይወቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ግን በቅኝ ግዛት ጦርነት ያለፈ ሲሆን፣ በኋላ ለልጆች ካስተማረው ውስጥ ብዙው የተገኘው ከዚያው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ከተባሉት በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

የተወለደው በለንደን ከተማ ነው። አባቱ ቄስና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ነበር፤ በ1860 ሲሞት ሮበርት ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ልጆቹን ያሳደገችው እናቱ ሄንሪየታ ስትሆን፣ ለባሏ መታሰቢያ እንዲሆን የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር አጣምራ የቤተሰቡ መጠሪያ አደረገችው። ቤደን ፓወል የሚለው ድርብ ስም የመጣው ከዚህ ነው።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ከታላላቅ ወንድሞቹ ጋር በእግር ይጓዝና በትንሽ ጀልባ ይቀዝፍ ነበር። የጉዞው አለቃ ባሕረኛ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ዋሪንግተን ነው። ትንሹ ሮበርት የሚደርሰው ሥራ ብዙ ጊዜ ምግብ ማብሰልና ዕቃ ማጠብ ነበር።

የተማረበት ቻርተርሀውስ ትምህርት ቤት በ1872 ከለንደን ወጥቶ ጎዳልሚንግ ወደተባለ ገጠር ተዛወረ። በአዲሱ ግቢ አጠገብ ተማሪዎች እንዳይገቡበት የተከለከለ ጫካ ነበር። ሮበርት እየተደበቀ ይገባና ጥንቸል በወጥመድ ይይዝ፣ መምህራን ጭሱን እንዳያዩ በደረቅ ጭራሮ ትንሽ እሳት አንድዶ ጠብሶ ይበላ ነበር። በክፍል ትምህርት ጎበዝ የሚባል አልነበረም፤ በሥዕልና በትያትር ግን ይታወቅ ነበር። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። በ1876 ለጦር መኮንንነት በተሰጠው ፈተና ግን ጥሩ ውጤት አምጥቶ በቀጥታ ወደ ሕንድ፣ ወደ 13ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ተላከ።

በአፍሪካ ጦርነቶች

በሕንድ ወታደሮችን ስለ ቅኝት ማስተማር ጀመረ፤ ማለትም ዱካ መለየት፣ ካርታ ማንሳት፣ በሌሊት አቅጣጫ ሳይስቱ መጓዝና ሳይታዩ ጠላትን መመልከት። ይህን ዕውቀት ያዳበረው በአፍሪካ ነው። በ1888 በዙሉላንድ በአለቃው በዲኑዙሉ ላይ በተደረገው ዘመቻ ነበረ። ከዚያም በ1895 መጨረሻ የዛሬዋ ጋና ውስጥ በአሻንቲ መንግሥት ላይ በዘመተው ጦር ውስጥ የአገሬው ተወላጆች የሆኑ የቃፊርና የመንገድ ጠራጊ ጭፍሮችን መርቷል። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔህ ያለ ውጊያ ተይዞ ወደ ስደት የተወሰደው በጥር 1888 ዓ.ም. ነው። ዐድዋ ላይ የጣሊያን ጦር የተሸነፈው በቀጣዩ ወር፣ የካቲት 23 ቀን እንደነበር ማስታወስ የዘመኑን መልክ ያሳያል።

በዚያው በ1896 የዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ የንዴቤሌ ሕዝብ በእንግሊዞች ላይ ባነሣው ዐመፅ ጊዜ በማቶፖስ ተራሮች በቅኝት ሥራ ተሰማራ። ፍሬድሪክ በርናም የተባለ አሜሪካዊ ቃፊር በዱር የመኖርን ጥበብ ያስተማረው እዚያ ነው። ንዴቤሌዎች ኢምፔሳ ይሉኝ ነበር በማለት በኩራት ይጽፍ የነበረ ሲሆን፣ ትርጉሙን የማይተኛ ተኩላ አደረገው። በንዴቤሌ ቋንቋ ግን ለዚህ ቅርብ የሆነው ቃል ጅብ ማለት ነው።

በዚሁ ዘመቻ ላይ ኡዊኒ የተባለ የአካባቢ አለቃ ቆስሎ ከተማረከ በኋላ ቤደን ፓወል ለጦር ፍርድ ቤት አቅርቦ አስረሸነው። የሲቪሉ አስተዳደር ድርጊቱን ተቃውሞ ምርመራ አዝዞ ነበር። መርማሪዎቹ የጦር መኮንኖች ነበሩ፤ ነፃም አወጡት። ስለ እርሱ የሚጻፉ የአድናቆት ጽሑፎች ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

የማፌኪንግ ከበባ

ዝናው በመላው እንግሊዝ የናኘው በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ነው። ከኦክቶበር 1899 እስከ ሜይ 1900 ማፌኪንግ የተባለችውን ትንሽ ከተማ ለ217 ቀናት ከቦሮች ከበባ ተከላከለ። ብልሃቶቹ በልጆች መጻሕፍት ሳይቀር ተተርከዋል። በከተማዋ ዙሪያ ፈንጂ የተቀበረ ለማስመሰል አሸዋ የሞላባቸውን ሣጥኖች አስቀበረ፤ የሌለ እሾሃማ ሽቦ እንዳለ ለማስመሰል ደግሞ ወታደሮቹ እግራቸውን እያነሱ እንዲራመዱ አዘዘ።

ወታደር ስላነሰ የከተማዋ ልጆች መልእክተኛና ጠባቂ ሆነው ተደራጁ። ቡድኑን ያቋቋመው ሎርድ ኤድዋርድ ሲሲል የተባለ ሌላ መኮንን ሲሆን፣ የቅርብ አለቃቸው ዋርነር ጉድይር የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ቤደን ፓወል ልጆች ኃላፊነት ከተሰጣቸው እንደሚወጡት የተረዳው እነርሱን አይቶ እንደሆነ በኋላ ተናግሯል።

የከበባው ሌላ ገጽታም አለ። ከተማዋን በመከላከል የባሮሎንግ ተወላጆች ተዋግተው ነበር፤ ምግብ ሲከፋፈል ግን ጥቁሮች የሚደርሳቸው ከነጮች ያነሰ ነበር። ብዙዎቹ ተርበዋል፤ ከከተማዋ እንዲወጡ ከተደረጉትም መካከል በመንገድ የሞቱ አሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች በተጠያቂነቱ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ።

የወታደር መጽሐፍ በልጆች እጅ

በ1899 ለወታደሮች ያሳተመው ስለ ቅኝት የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ባላሰበው ቦታ ተነባቢ ሆነ። ከጦርነቱ ሲመለስ ልጆችና መምህራን እየተጠቀሙበት አገኘ። ሻርሎት ሜሰን የተባለችው መምህርት ልጆች በየቀኑ ረጅም ሰዓት ከቤት ውጭ ሆነው ዕፅዋትንና አእዋፍን እንዲመለከቱ የምታስተምር ነበረች፤ መጽሐፉን ለሠልጣኞቿ ሰጠች። ከእርሷ የተማረች አንዲት ሞግዚት ደግሞ በጄኔራል አለንቢ ቤት ተቀጥራ ነበር። ጄኔራሉ በፈረስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ትንሽ ልጁ ዛፍ ላይ ተደብቆ ጠበቀውና ሳያየኝ አለፈ ብሎ ድል አወጀበት። ሞግዚቷም እዚያው ዛፉ ላይ ነበረች። ቤደን ፓወል ይህን ሲሰማ የወታደር ትምህርቱ ከጦርነት ተለይቶ ለልጆች ሊውል እንደሚችል ማሰብ ጀመረ።

ሐሳቡ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ኧርነስት ቶምፕሰን ሲተን በሰሜን አሜሪካ ከ1902 ጀምሮ ልጆችን በዱር ኑሮ የሚያስተምር ድርጅት ነበረው፤ መጽሐፉንም በ1906 ለቤደን ፓወል ልኮለታል። በኋላ ሲተን ሐሳቤ ተወስዶ ተገቢው ምስጋና አልተሰጠኝም ሲል ቅሬታ አሰምቷል፤ ሁለቱን መጻሕፍት ላነጻጸረ ሰው ቅሬታው መሠረት የለሽ አይመስልም።

የብራውንሲ ደሴት ካምፕ

ሐሳቡን ለመሞከር ከሐምሌ 25 ቀን 1899 ዓ.ም. (ኦገስት 1 ቀን 1907) ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል ሃያ የሚሆኑ ልጆችን በደቡብ እንግሊዝ ወደምትገኘው ብራውንሲ ደሴት ወሰደ። ጊዜው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። ግማሽ ያህሉ ከሀብታም ትምህርት ቤቶች፣ የቀሩት ከአካባቢው የሠራተኛ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። ለመጀመሪያዎቹ ክፍያው 1 ፓውንድ፣ ለሌሎቹ 3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። በመደብ በተከፋፈለችው እንግሊዝ እነዚህን ልጆች በአንድ ድንኳን ማሳደር የተለመደ ነገር አልነበረም።

ልጆቹ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራና ከርሉ በምትባል የውሃ ዳር ወፍ በተሰየሙ አራት ቡድኖች ተከፈሉ። የየቡድኑ መሪ ከራሳቸው ከልጆቹ አንዱ ነበር። ከካምፑ ሁሉ አዲሱ ነገር ይህ ይመስላል፤ ትእዛዝ ከአዋቂ ወደ ሃያ ልጆች አይወርድም፣ አንድ ትልቅ ልጅ አራትና አምስት ታናናሾቹን ይመራል እንጂ። ቀኑ የሚጀመረው ቤደን ፓወል ከአፍሪካ ባመጣው የአጋዘን ቀንድ ጥሪ ነበር። ትምህርቱ እሳት ማንደድ፣ ገመድ ማሰር፣ የእንስሳት ዱካ መከተል፣ የተጎዳ ሰው መርዳትና በሌሊት ካምፑን መጠበቅ ነው። ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው የአፍሪካ ታሪኮችን ያዳምጣሉ።

ካስፋፋቸው ጨዋታዎች አንዱ ዛሬም በየትኛውም ክፍል ሊሠራ ይችላል። በትሪ ላይ ሃያ አራት ያህል ትናንሽ ዕቃዎች ይደረደራሉ፤ ልጆቹ ለአንድ ደቂቃ አይተው ይሸፈናል፤ ከዚያ ያዩትን በቃላቸው ይጽፋሉ። ሐሳቡ የተወሰደው ኪም ከተባለው የኪፕሊንግ ልብ ወለድ ነው።

እንቅስቃሴው መስፋፋት

በ1908 ስካውቲንግ ለልጆች የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፉ በስድስት ክፍል በየሁለት ሳምንቱ ታተመ። ቤደን ፓወል ያሰበው ነባር የወጣት ማኅበራት እንዲጠቀሙበት ነበር፤ ልጆቹ ግን ማንንም ሳይጠብቁ የራሳቸውን ቡድን ማቋቋም ጀመሩ። በ1909 በለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው ስብሰባ ወደ 11 ሺህ ገደማ ስካውቶች ሲገኙ፣ ሳይጠሩ የመጡ ልጃገረዶችም ነበሩበት። በዚህ ምክንያት በ1910 በእኅቱ በአግነስ መሪነት የልጃገረዶች ማኅበር ተቋቋመ። እርሱም በዚያው ዓመት ከጦር ሠራዊት ወጣ።

በ1912 ኦላቭ ሶምስን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ፤ እርሷም የልጃገረዶቹን ማኅበር በዓለም ደረጃ መርታለች። በ1919 ጊልዌል ፓርክ የመሪዎች ማሠልጠኛ ሆነ። ሥልጠናውን ለጨረሱ የሚሰጡት የእንጨት ዶቃዎች መጀመሪያ የተወሰዱት ቤደን ፓወል ከዙሉላንድ ካመጣውና የዲኑዙሉ ነበር ይል ከነበረው የአንገት ጌጥ ነው። በ1920 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስካውቶች ጉባኤ በለንደን ተደረገ፤ በ1929 የሎርድነት ማዕረግ ተሰጠው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት እልቂት ካለፈ በኋላ ጽሑፎቹ ከአገር ፍቅር ይልቅ ወደ ሕዝቦች ወዳጅነት ያደሉ ሆነዋል።

በ1938 ከባለቤቱ ጋር ኬንያ ውስጥ ኒየሪ በተባለች ከተማ መኖር ጀመረ። የሞተውም እዚያው ሲሆን መቃብሩ ከኬንያ ተራራ ትይዩ ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በመካከሉ ነጥብ ያለበት ክብ ተቀርጿል፤ በስካውቶች የመንገድ ምልክት ወደ ቤቴ ሄጃለሁ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ

ስካውት በኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተለይ በከተማ ትምህርት ቤቶች ይታወቅ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተቋርጦ፣ ከደርግ ዘመን በኋላ እንደገና ተደራጅቷል።

የብራውንሲ አምሳያ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አንድ ችግር ይገጥመዋል። እንግሊዝ አገር ኦገስት የበጋ ዕረፍት ነው፤ እዚህ ግን ያው ረጅም ዕረፍት ክረምት ላይ ይውላል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሳንጃና በመተማ በኩል፣ ሐምሌና ነሐሴ የሰሊጥና የማሽላ አረም የሚታረምበት፣ ወንዞች የሚሞሉበትና ወባ የሚያሰጋበት ጊዜ ነው። የገበሬ ልጅም በዚያ ወቅት ለቤተሰቡ እርሻና ከብት ያስፈልጋል። ከብት ጠባቂ ልጅ የጠፋ ጥጃ በዱካው መፈለግን፣ ደራሽ ውሃ ሳይመጣ ወንዝ መሻገርንና እሳት መያዝን ከታላላቆቹ ይማራል። ቤደን ፓወል ለለንደን ልጆች በመጽሐፍ የጻፈው ይህንኑ ዓይነት ዕውቀት ነበር። ለትምህርታዊ ጉዞ የሚመቸው ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ ያለው አጭር ዕረፍት ነው። በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ መንገዱ ደርቆ፣ ሣሩም ሳስቶ በቋራ ወረዳ እንዳለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ባሉ ቦታዎች የአውሬ ዱካ በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ በግልጽ ይታያል።