ሾ ታይ፥ የሪዩክዩ የመጨረሻው ንጉሥ

ከጃፓኗ ከክዩሹ ደሴት ጀምሮ እስከ ታይዋን ድረስ፥ ክሩ እንደ ተበጠሰ ጨሌ በባሕር ላይ የተበተኑ ብዙ ደሴቶች አሉ። የዛሬው ካርታ አብዛኞቹን ኦኪናዋ በተባለ የጃፓን ጠቅላይ ግዛት ስም ይጠራቸዋል። ከ1429 እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ ግን (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሪዩክዩ የሚባል የራሱ ንጉሥ፥ የራሱ ሹማምንትና የራሱ ሥርዓት ያለው መንግሥት ነበሩ። የሕዝቡ ቋንቋ ከጃፓንኛ ጋር ቢዛመድም የአንዱ ተናጋሪ የሌላውን ንግግር አይሰማም። ዋና ከተማው ሹሪ፥ ወደቡ ናሃ ነበረ። መርከቦቹ ወደ ቻይና፥ ወደ ኮሪያ፥ ወደ ጃፓንና ወደ ሲያም ድረስ እየተጓዙ ይነግዱ ስለ ነበር፥ ትንሿ አገር ከስፋቷ ይልቅ በንግዷ የታወቀች ነበረች።

ሾ ታይ በ1843 ዓ.ም. ሲወለድ ይህ መንግሥት ሁለት ጌቶች ነበሩት። አንደኛው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ነው። ሪዩክዩ ለእርሱ ግብር ትልካለች፤ አዲስ ንጉሥ በነገሠ ጊዜም የቻይና መልእክተኞች ባሕር ተሻግረው መጥተው ሹመቱን ያጸድቁለታል። ሁለተኛው የጃፓን ደቡብ ገዢ የነበረው የሳትሱማ መስፍን ነው። የሳትሱማ ጦር በ1609 ዓ.ም. ደሴቶቹን ወግቶ፥ ንጉሡን ሾ ኔይን ማርኮ ከወሰደና ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ከመለሰ ወዲህ ሪዩክዩ ለሳትሱማም ትገብር ነበር። ነገር ግን ከቻይና ጋር ያለው ንግድ እንዳይቋረጥ ሳትሱማ የበላይነቱን ይሸሽግ ነበር፤ የቻይና መልእክተኞች በመጡ ቁጥር የሳትሱማ ሰዎች ከዓይን ይሰወሩ ነበር። አስቸጋሪ ኑሮ ቢሆንም የሹሪ ሹማምንት ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ በብልሃት ኖሩበት።

ልጁ አባቱን ንጉሥ ሾ ኢኩን በ1847 ዓ.ም. አጣ። በሚቀጥለው ዓመት፥ አምስት ዓመት ሳይሞላው፥ ዙፋኑን ወረሰ። አገሩን በስሙ ያስተዳድሩ የነበሩት እንደራሴውና ሦስቱ ሚኒስትሮች ናቸው። በ1853 ዓ.ም. የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ ወደ ጃፓን በሚጓዝበት ጊዜ በናሃ መልሕቁን ጣለና፥ ወታደሮቹንና ሙዚቀኞቹን አሰልፎ ወደ ሹሪ ቤተ መንግሥት ወጣ። ሹማምንቱ የንጉሡ እናት ታመዋል ብለው ሊያስቀሩት ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። ቢሆንም ፔሪ ያገኘው እንደራሴውን ብቻ ነው፤ ትንሹም ንጉሥ እናቱም አልታዩትም። በዚያ ቤተ መንግሥት ሕመም የታወቀ የመከላከያ መሣሪያ ነበረ፤ ሾ ታይ ትምህርቱን በልጅነቱ አየው ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ሪዩክዩ ከአሜሪካ ጋር በ1854፥ ከፈረንሳይ ጋር በ1855፥ ከሆላንድ ጋር በ1859 ዓ.ም. ውል ተዋዋለች። ውል የሚዋዋለው መንግሥት እንደ መሆኑ፥ እነዚህ ሦስት ወረቀቶች ለሪዩክዩ መንግሥትነት ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ይልቅ የጸኑ ምስክሮች ነበሩ።

የቻይና መልእክተኞች የሾ ታይን ንጉሥነት ለማጽደቅ የመጡት በ1866 ዓ.ም. ነው። ከነገሠ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በጃፓን የሜይጂ መንግሥት ተመሠረተ፤ በ1871 ዓ.ም.ም የመሳፍንቱ ግዛት ሁሉ ተሽሮ አገሩ በአንድ ማዕከላዊ መንግሥት ሥር በጠቅላይ ግዛቶች ተከፋፈለ። ሳትሱማም አብሮ ቀረ። እንግዲህ ሪዩክዩ የማን ናት የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

ቶክዮ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠችው በጦር ሳይሆን በስም ነው። በ1872 ዓ.ም. የሪዩክዩ መልእክተኞች ለንጉሠ ነገሥቱ የደስታ መግለጫ ሊያቀርቡ ቶክዮ በሄዱ ጊዜ፥ ጌታቸው ከእንግዲህ ወዲህ የጃፓን መሳፍንት ግዛት ገዢ ተብሎ መሾሙን የሚገልጽ ትእዛዝ ተቀበሉ። በጃፓን የመሳፍንት ግዛት ከተሻረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ለሪዩክዩ ብቻ ተብሎ አንድ አዲስ ተፈጠረ፤ የሚፈጠረውም በኋላ እንዲሻር ነበረ። ብዙም ሳይቆይ የሦስቱ ውሎች ዋና ቅጂዎች ተጠይቀው ወደ ቶክዮ ተወሰዱ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1871 ዓ.ም. ከሚያኮ ደሴት የመጡ ሰዎች መርከባቸው ተሰብሮ ታይዋን ላይ ወጥተው ሳሉ 54ቱ በአገሩ ነዋሪዎች ተገድለው ነበር። ጃፓን በ1874 ዓ.ም. የእነርሱን ደም እመልሳለሁ ብላ ወደ ታይዋን ጦር ላከች። ቻይና 500,000 ቴል ብር ከፍላ ነገሩን ስታበርድ፥ ሟቾቹ የጃፓን ተገዢዎች እንደ ሆኑ የሚያስቆጥር ውል ፈረመች። የሚያኮ ሟቾች በሕይወታቸው ሳሉ ያልነበሩትን ከሞቱ በኋላ ሆኑ።

በ1875 ዓ.ም. ማትሱዳ ሚቺዩኪ የተባለ የጃፓን ባለሥልጣን ወደ ሹሪ መጣ። ለቻይና ግብር መላክ ይቁም፤ የዘመን አቆጣጠሩ የሜይጂ ይሁን፤ የጃፓን ጦር በደሴቲቱ ይስፈር፤ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ቶክዮ ይላኩ፤ ንጉሡ ራሱ ቶክዮ ሄዶ ምስጋና ያቅርብ አለ። ሾ ታይ ከቻይና መለያየትን አልቀበልም አለ፤ ቻይና ለብዙ ዘመናት የዋለችልንን ውለታ መካድ ይሆንብናል የሚል ነበር ምክንያቱ። ከዚያም ታመመ። ሕመሙ እውነተኛም ነበረ፥ መላም ነበረ። እርሱ ተኝቶ ሳለ ሹማምንቱ በቶክዮ አቤቱታ በአቤቱታ ላይ ያስገቡ ነበር፤ የአሜሪካን፥ የፈረንሳይንና የሆላንድን መልእክተኞችም ደጅ ጠኑ። በ1876 ዓ.ም. መጨረሻ የንጉሡ እኩያና ታማኝ የነበረው ኮቺ ቾጆ የእርዳታ ልመና ይዞ በስውር ወደ ቻይና ተሻገረ።

ማርች 27 ቀን 1879 ዓ.ም. ማትሱዳ ጥቂት መቶ ወታደሮችና 160 ያህል ፖሊሶች አስከትሎ በሹሪ ቤተ መንግሥት የመሻሪያውን ትእዛዝ አነበበ። ንጉሡ ጥቂት ቀን ተሰጥቶት ቤተ መንግሥቱን እንዲያስረክብ ታዘዘ። ሪዩክዩ መሣሪያ ፈጽሞ የሌላት አገር ነበረች የሚባለው ተረት ነው፤ በ1609 ዓ.ም. ተዋግታ ነበር። ዳሩ ግን በ1879 ዓ.ም. የነበራት ኃይል ለዚህ ጦር የሚመጥን አልነበረም፤ ሾ ታይም ሕዝቡን ወደ እልቂት አልመራም። ቤተሰቡን ይዞ ወደ አልጋ ወራሹ ቤት ወረደ። ኤፕሪል 4 ቀን ኦኪናዋ የተባለው ጠቅላይ ግዛት መቋቋሙ ታወጀ። ከ450 ዓመት በኋላ መንግሥቱ በአንድ ሳምንት አለቀ።

ይህን ሰው ፈሪ ያሉት አልጠፉም። ነገሩን አጥብቆ ለሚመረምር ግን፥ ከ1872 ጀምሮ ለሰባት ዓመት በእምቢታ፥ በአቤቱታና በአልጋ ላይ በመተኛት አንድን ታላቅ መንግሥት ያቆየ ሰው ፈሪ ነው ለማለት ያዳግታል። ጉድለቱ ሌላ ነበር። ተስፋውን ሁሉ በቻይና ላይ ጥሎ ነበር፤ ቻይናም በዚያ ጊዜ ለራሷም አልሆነችም።

ንጉሡ አሁንም በሕመሙ እያመካኘ ሁለት ወር ያህል ዘገየ። በሜይ 27 ቀን ግን ወደ ቶክዮ በመርከብ ተጓዘ። በሹሪ የቀሩት ሹማምንት አዲሱን አገዛዝ አናገለግልም ብለው ስለ ተማማሉ ብዙዎቹ ታሰሩ፤ የተገረፉም ነበሩ። በዚያው ዓመት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ግራንት በቻይናና በጃፓን ሲዘዋወር በመካከል ገብቶ ሁለቱ እንዲነጋገሩ አደረገ። በ1880 ዓ.ም. ጃፓን፥ በቻይና የንግድ መብት ብታገኝ፥ ሚያኮንና ያኤያማን ለቻይና ልትለቅ ተስማማች። ስለ ደሴቶቹ ሲነጋገሩ የደሴቶቹን ሰዎች የጠየቀ አልነበረም። ከስደተኞቹ መልእክተኞች አንዱ ሪን ሴይኮ አገሩ ተከፍላ ልትቀር ነው ብሎ በፔኪንግ ራሱን ገደለ። ቻይና ውሉን ሳትፈርም ቀረች። ኮቺ ቾጆም በልመናው እንደ ጸና በ1891 ዓ.ም. በቻይና ምድር ሞተ።

ሾ ታይ ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት በቶክዮ ኖረ። በ1884 ዓ.ም. አገሩን ለጥቂት ጊዜ እንዲያይ ተፈቀደለት፤ በ1885 ዓ.ም. የማርኪስ ማዕርግ ተሰጠው። ንጉሥ የነበረ ሰው በሌላ ንጉሥ ዙፋን ፊት ከመኳንንቱ ጋር ተሰልፎ ይቆም ጀመር።

በዚህ ጊዜ በኦኪናዋ ሥራውን የያዘው መምህር ነበረ። በ1880 ዓ.ም. የቶክዮን ንግግር ለማስተማር የቋንቋ ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ወዲያውም የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሆነ። የመጀመሪያው መማሪያ መጽሐፍ የቶክዮንና የኦኪናዋን ንግግር ጎን ለጎን የያዘ ነበር። የልጁ ቋንቋ ወደ አዲሱ ቋንቋ መሸጋገሪያ ድልድይ ሆኖ ስለሚያገለግል አሠራሩ የሚነቀፍ አልነበረም። እየቆየ ግን ድልድዩ ፈረሰ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ተማሪ በአንገቱ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠልበት ጀመር፤ ሰሌዳው የሚወርድለትም ሌላ ጓደኛው ሲሳሳት ይዞ ሲያጋልጥ ነበር። ልማዱ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ከ1945 ዓ.ም. በኋላም አልቀረም። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የሪዩክዩን ቋንቋዎች ሊጠፉ ከተቃረቡት መካከል መዝግቧቸዋል። በኢትዮጵያ የሜይጂ ጃፓን ስም በመልካም ሲነሣ የኖረ ነው፤ የ1931 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጃፓንን አብነት ተከትሎ ተጽፏል፤ የከበደ ሚካኤልም መጽሐፍ አገሪቱ እንደምን እንደ ሠለጠነች ለትውልድ አስተምሯል። በሹሪ ተራራ ላይ ቆሞ ለሚያይ ግን ያው ሥልጣኔ ሌላ መልክ ነበረው።

ቻይና በ1895 ዓ.ም. በጃፓን ድል ከተመታች በኋላ የድሮው ተስፋ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ የኦኪናዋ ታዋቂ ሰዎች፥ ከመካከላቸውም የሾ ታይ ልጆች፥ የሾ ቤተሰብ በዘር ውርስ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ይሁን ብለው ከ70,000 በላይ ፊርማ ሰበሰቡ። ቶክዮ ልመናውን አልተቀበለችም።

ሾ ታይ በኦገስት 1901 ዓ.ም. በቶክዮ ሞተ። አስከሬኑ በመርከብ ወደ ኦኪናዋ ተወስዶ፥ በ1501 ዓ.ም. በንጉሥ ሾ ሺን በተሠራው በታማኡዱን መቃብር፥ ከቤተ መንግሥቱ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ከነገሥታቱ አባቶቹ ጋር ተቀበረ። ልጁ ሾ ቴንም በ1920 ዓ.ም. ሲሞት በዚያው ስፍራ ዐርፏል።