ሰልማን ዋክስማን፦ መድኃኒቱና የጆሮ ዕዳው

ሰልማን ዋክስማን እ.ኤ.አ. በ1888 በዛሬዋ ዩክሬን ተወለዱ። ታናሽ እኅታቸው በልጅነቷ በዲፍቴሪያ ሞታለች። በ1910 ወደ አሜሪካ ተሰደው በሩትገርስ ኮሌጅ ግብርና አጠኑ፤ ዕድሜያቸውንም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳትን ሲመረምሩ አሳለፉ።

በ1943 ተማሪያቸው አልበርት ሻትዝ በቤተ ሙከራቸው ስትሬፕቶማይሲንን ለዩ፤ የሳንባ ነቀርሳም ፈዋሽ መድኃኒት አገኘ። ሻትዝ በ1950 ከስሰው የግኝቱ ተጋሪ መሆናቸውን ቢያረጋግጡም፣ የ1952ቱ የኖቤል ሽልማት ለዋክስማን ብቻ ተሰጠ።

በዚያን ጊዜ የመድኃኒቱ ሌላ ገጽታ ታውቆ ነበር። ከነቀርሳ ከዳኑት መካከል ሚዛናቸውን የሳቱና የደነቆሩ ነበሩ። ዋክስማን በ1949 ይፋ ያደረጉት ኒዮማይሲንም በመርፌ ሲሰጥ ጉዳቱ የባሰ ሆነ። መድኃኒቶቹ የውስጠኛውን ጆሮ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገድላሉ፤ የሞቱትም በሰው ልጅ ዳግም አይተኩም። ዋክስማን በ1973 ዐረፉ።

ውርሳቸው ግን እስከ አሶሳ ይደርሳል። የዚሁ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ጄንታማይሲን በአገራችን በጠና ለታመሙ ጨቅላዎች ይሰጣል፤ ሕይወት ስለሚያድንም አይተውም። ካናማይሲን ግን በዓለም ጤና ድርጅት የ2019 መመሪያ መድኃኒት ከተላመደ ነቀርሳ ሕክምና ወጥቷል።

የመስማት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚቻለው ጥበቃ ቀላል ነው፦ ክብደትን መዝኖ መጠኑን መወሰን፣ የሕክምናውን ቀናት አለማስረዘም፣ የኩላሊትን ጤና ማጣራት፣ በእናት ወገን መርፌ ተወግቶ የደነቆረ ዘመድ መኖሩን መጠየቅ። አዋቂ ጆሮው ሲጮኽ ይናገራል፤ ጨቅላ ግን አይናገርም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከመርፌው በፊት መቅደም አለበት።