የሲንሲናቲዋ ወይዘሮ

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ወንዝ ዳር የምትገኘው የሲንሲናቲ ከተማ ቴሌቪዥን ጣቢያ፥ ማለት ደብልዩ ኤል ደብልዩ ቲ፥ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ስለ ጣቢያው መሣሪያ ብዙ ማለት ይቻላል። የከተማው ሰው ግን የጣቢያውን የመጀመሪያ ዘመን ሲያነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የወይዘሮ ሩት ላየንስን ስም ነው።

ወይዘሮ ሩት በዚያችው ከተማ በ1905 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1929 ዓ.ም. ደብልዩ ኬ አር ሲ በተባለው የራዲዮ ጣቢያ ፒያኖ ለመጫወትና የሙዚቃውን ክፍል ለመጠበቅ ተቀጠሩ። የሴቶችን ክፍለ ጊዜ የምታቀርበው ባልደረባቸው አንድ ቀን ብትታመም በርሷ ቦታ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ማይክሮፎኑ የርሳቸው ሆኖ ቀረ። በጥር 1937 ዓ.ም. ወንዙ ወደ 80 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ከተማዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ለቀይ መስቀል ርዳታ ሲለምኑ ሰነበቱ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት የገና መጫወቻ መግዣ እንዲዋጣ አድማጮቻቸውን ጠየቁ።

በ1942 ዓ.ም. ወደ ክሮስሊ ኩባንያ ተዛወሩ። ባለቤቱ ፓውል ክሮስሊ ርካሽ ራዲዮ እየሠሩ በመሸጥ የከበሩ ሰው ሲሆኑ፥ ጣቢያቸው ከ1934 እስከ 1939 ዓ.ም. በ500,000 ዋት ኃይል ያሰራጭ ስለ ነበር፥ በአካባቢው የቤት አሸንዳ እንኳ ዘፈን ያሰማል እየተባለ ይወራ ነበር።

ወይዘሮ ሩት በ1946 ዓ.ም. ኀምሳ ሴቶች ምሳ እየበሉ የሚያዳምጡት አንድ ዝግጅት ጀመሩ። በ1949 ዓ.ም. ዝግጅቱ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ እንግዶቹም መቶ ሲሆኑ «ኀምሳ ኀምሳ ክለብ» ተባለ። የመግቢያ ቲኬት ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ ግድ ነበር። ማይክሮፎናቸውን በእቅፍ አበባ ውስጥ ሸሽገው፥ የተጻፈ ነገር ሳይመለከቱ፥ ስለ ወጥ ቤት፥ ስለ ባላቸው፥ ስለ ልጃቸው እንደ ጎረቤት ያወሩ ነበር። ማስታወቂያውንም በራሳቸው ቃል እንጂ በነጋዴው ቃል አይናገሩም፤ ያላመኑበትን ዕቃ አያመሰግኑም። ነጋዴው በዚህ ይከፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ሆኖ፥ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ተራ ይጠብቁ ነበር። የዴይተን፥ የኮለምበስና የኢንዲያናፖሊስ ከተሞችም ዝግጅቱን በየጣቢያቸው ይመለከቱት ነበር።

ጥቁርና ነጭ አብሮ መደነሱ እንደ ነውር በሚቈጠርበት በ1950ዎቹ፥ ጥቁሩ ዘፋኝ አርተር ሊ ሲምፕኪንስ በእንግድነት ቢመጣ በካሜራው ፊት አብረውት ደነሱ። ብዙ ሰው ተቈጣ፤ ወይዘሮይቱ ግን ወደ ኋላ አላሉም። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከሥራቸው ሁሉ ይልቅ ይህቺ አጭር ዳንስ ድፍረት ትጠይቅ ነበር፤ ያስቈጡት ሰው በየቀኑ እንግድነት የሚቀበላቸውን ሰው ነበርና።

ልጃቸው ካንዲ በ1944 ዓ.ም. የተወለደች ስትሆን፥ ተመልካቹ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእናትዋ አፍ ወሬዋን እየሰማ እንደ ራሱ ልጅ ያውቃት ነበር። ኋላም በጡት ነቀርሳ ታመመች። በ1966 ዓ.ም. እናትና አባትዋ ወደ አውሮፓ ይዘዋት ሲጓዙ ገና በመርከብ ላይ ሳሉ ሞተች። ሌላ አቅራቢ ቢሆን የተጻፈለትን እያነበበ ኀዘኑን ሊሸፍን ይችል ይሆናል። ወይዘሮ ሩት ግን በልባቸው ያለውን ብቻ የሚናገሩ ስለ ነበሩ የሚሸሸጉበት ወረቀት አልነበራቸውም። በጥር 1967 ዓ.ም. ሥራቸውን ተዉ፤ ወንበሩንም ባልደረባቸው ቦብ ብራውን ተረከበ።

ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ኖረው በ1988 ዓ.ም. ዐረፉ። ለታመሙ ሕፃናት የሚዋጣው ገንዘብ ግን ዛሬም በስማቸው ይሰበሰባል።