ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ

ልጆች ሆይ፤ የደብረ ብርሃን ከተማ ስሟን ከወዴት እንዳገኘች ታውቃላችሁን? ይህን ለማወቅ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ታሪክ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ ንጉሥ በጦር ብርቱ ነበረ፤ ነገር ግን ከጦሩ ይልቅ ስሙ የሚነሣው ሕዝቡን በማስተማሩ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊት ልጅ ነው። እናቱ እግዚእ ክብራ ትባል ነበረች። የተወለደው በ1391 ዓ.ም. በፈጠጋር አገር ነው። ስሙ በግዕዝ የያዕቆብ ዘር ማለት ነው። በዚያ ዘመን የነገሥታት ልጆች ስለ ዙፋን እንዳይዋጉ በግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። እርሱም ከነዚያ አንዱ ነበረ። በ1426 ዓ.ም. ከአምባው ወርዶ ነገሠ። ወደ አክሱምም ሄዶ በአባቶቹ ሥርዐት ዘውድ ጫነ፤ የመንግሥት ስሙም ቈስጠንጢኖስ ተባለ።

ንጉሡ አገሩን በተመለከተ ጊዜ እጅግ አዘነ። ሕዝቡ በስም ክርስቲያን ነበረ፤ ልቡ ግን ከሁለት ተከፍሎ ነበር። በእሑድ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው ልጁ ሲታመምበት ወይም ከብቱ ሲሞትበት ወደ ጠንቋይ ቤት ይሮጥ ነበር። ደስክና ዲኖ ለሚባሉት ጣዖታት በስውር የሚሠዋም አልጠፋም። የዚህ ነገር ምክንያት ምን ነበር? ብዙው ሰው ተጠምቋል እንጂ አልተማረም ነበር። መሬቱ ሳይታረስ ዘር ቢበተንበት ወፍ ለቅሞት ይሄዳል፤ ጌታችንም በምሳሌው ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ንጉሡ ካህናቱን አዘዘ። በቅዳሜና በእሑድ፥ በበዓላትም ቀን ሕዝቡን ሰብስበው ሃይማኖቱን፥ ጸሎቱንና ትእዛዛቱን እንዲያስተምሩ ነገራቸው። ሕዝቡም በአቅራቢያው ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ፥ እያንዳንዱ ክርስቲያንም የነፍስ አባት እንዲኖረው ሥርዐት ሠራ። ለማስተማር የሰነፈ ካህን ሀብቱ ይወሰድበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ለገዳም ሰዎች ብቻ የተሰጠ አልሆነም፤ ወደ ገበሬውና ወደ ባልቴቲቱም ቤት ይደርስ ዘንድ ተጀመረ።

ንጉሡ ራሱም ደራሲ ነበረ። መጽሐፈ ብርሃን፥ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት የተባሉት መጻሕፍት በስሙ ይጠራሉ። በነዚህም መጻሕፍት ቅዱስ ቃሉን ከሰው ኑሮ ጋር ያገናኛል። ሰንበት እንዴት እንደሚከበር፥ ከጥንቆላም መራቅ እንዲገባ ያስረዳል። ስለ እመቤታችን ማርያም ፍቅርም 33 በዓላቷ እንዲከበሩ፥ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዘ። በግብጽ አገር ደብረ ምጥማቅ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በሰማ ጊዜ፥ በተጕለት በዚያው ስም ሌላ ቤተ ክርስቲያን አሠራ።

በዚህ በደብረ ምጥማቅ በ1442 ዓ.ም. ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ከመቶ ዓመት በላይ መነኮሳቱ ስለ ቅዳሜ ሰንበት ይከራከሩ ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ሲሉ ሌሎቹ እንቢ ይሉ ነበር። ንጉሡ ሁለቱን ወገኖች፥ ጳጳሳቱንም አቡነ ሚካኤልንና አቡነ ገብርኤልን ሰበሰበ። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፤ ወንድማማቾቹም ታረቁ። ከዚያ በፊት በ1438 ዓ.ም. የአዳልን ገዥ በድላይን በጎሚት ጦርነት ድል አድርጎት ነበር፤ ይህ የጉባኤው ሰላም ግን ከጦር ድል አያንስም።

ከነገሠ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬ ደብረ ብርሃን በሆነችው ስፍራ ሳለ በሰማይ ታላቅ ብርሃን ታየ። ንጉሡም በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን ብሎ ጠራው። በዚያን ዘመን ነገሥታቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ በድንኳን ይዘዋወሩ ነበር፤ እርሱ ግን እስኪሞት ድረስ 12 ዓመት ያህል በዚያ በብርዱ አገር ተቀመጠ።

ልጆች ሆይ፤ እውነተኛ ታሪክ መልካሙን ብቻ አይናገርም። ይህ ንጉሥ ቍጣውን መግታት አልቻለም። የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ለመስቀሉና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ባሉ ጊዜ በጽኑ ቅጣት ቀጣቸው፤ በድንጋይም አስወገራቸው። የብርሃኑም መታየት ከዚህ በኋላ ጥቂት ቀን ቈይቶ ስለ ሆነ፥ ንጉሡ እግዚአብሔር በሥራው ደስ እንዳለው አድርጎ ቈጠረው። ደግሞም ጣዖት አምልከዋል እየተባሉ ብዙ ሰዎች በነገረ ሠሪ ቃል ተከሰሱ። ከራሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንኳ በዚህ ክስ የሞቱ አሉ። ሰው ጎረቤቱን ፈራ፤ ቤትም ከቤት ተጠራጠረ። ፍርሃት እንደ ውርጭ ነው፤ በትምህርት የበቀለውን ቡቃያ ያቃጥላል።

ንጉሡ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ሞተ። ዐፅሙም ኋላ በጣና ሐይቅ ወዳለው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተወሰደ። ልጁ ዐፄ በእደ ማርያም በነገሠ ጊዜ እስረኞችን ፈታ፤ አገሩም አረፈ።

እንግዲህ ከዚህ ንጉሥ ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። ሕዝቡን ሲያስተምር፥ በደብረ ምጥማቅም የተጣሉትን ሰምቶ ሲያስታርቅ፥ ሥራው እስከ ዛሬ ጸንቶ ቈየ፤ ቅዳሜና እሑድን የሚያከብር ሕዝብ፥ የነፍስ አባት ያለውም ቤት ምስክር ነው። በሰይፍ ያስገደደው ግን ከእርሱ ጋር ዐለፈ። ሰይፍ አንገትን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ልብን አያሰግድም። እናንተም በትምህርት ቤት የተማራችሁትን ቃል ወደ ቤታችሁ ስትወስዱ፥ ላልተማረው ወንድማችሁ በትዕግሥት ንገሩት። አልገባኝም ቢላችሁ አትቈጡት፤ እንደ ገና አስረዱት። ዘር የሚዘራ ገበሬ መሬቱን አይመታም፤ ያርሳል፥ ይዘራል፥ ዝናቡንም ከእግዚአብሔር ይጠብቃል።