ሣህለ ሥላሴ፤ በጋሻና በነፍጥ መካከል

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው የምኒልክ አያት ነበር ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ከአያትነቱ ሌላ የራሱ ታሪክ አለው። ደግሞም አንኮበር፣ አንጎለላና ደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥቱ የነበሩባቸው ቦታዎች ስለ ሆኑ እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ልናውቀው ይገባል። እዚህ ሕይወቱን የምንመለከተው በአንድ ጥያቄ በኩል ነው፤ ይኸውም በዚያ ዘመን ወደ ጦርነት የሚሄደው ሰው ገላውን በምን ይከላከል ነበር? የሚል ነው።

ሣህለ ሥላሴ የተወለደው በ1787 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ራስ ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ሲገደል ልጁ ሰላ ድንጋይ ገዳም ውስጥ ተማሪ ነበር። ዙፋኑ የሚገባው ለታላቅ ወንድሙ ለበኩሬ ነበር፤ በኩሬ ግን ሲዘገይ ተማሪው ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቁንዲ ገሠገሠ፤ በእናቱ ወገኖች በመንዞች እየተደገፈ አባቱን ተካ። ወንድሞቹንና ዘመዶቹን ጎንቾ እስር ቤት ከተታቸው። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ቢሆን ነው! መጀመሪያ መርዕድ አዝማች ተባለ፤ በኋላም ንጉሥ የሚለውን ማዕረግ ለራሱ ሰጠ።

ወታደሩ የሚይዘው መከላከያ ጋሻ ነበር። ጥሩ ጋሻ የሚሠራው ከጎሽ ቆዳ ነው፤ የጉማሬና የበሬም ነበረ። ቆዳው ርጥብ ሳለ በክብ ቅርጽ ይወጠራል፤ መኻሉ እምብርት እንዲያወጣ ተደርጎ ይደርቃል፤ ከውስጥ የቆዳ እጀታ ይበጅለታል። የመኳንንቱ ጋሻ ከላዩ ከፈይ ለብሶ በብር ይለበጣል፤ የገባሩ ግን ያው ባዶ ቆዳ ነው። ጦርና ጎራዴ የሚመክተው ግን ብሩ ሳይሆን ቆዳው ነበር።

ለምን ይመክታል? ቆዳ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ የክር ጥልፍልፍ ነው። የአንዷ ሞሌኪውል ውፍረት 1.5 ናኖሜትር፣ ርዝመቷ 300 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ናኖሜትር ማለት ሜትር ለቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው። እነዚህ ደቃቅ ክሮች ተገምደው ወፍራም ክር፣ ወፍራሙም ከሌላው ጋር በየአቅጣጫው ተጠላልፎ ቆዳ ይሆናል። ጦር ሲያርፍበት አንዱ ክር ብቻውን አይሸከመውም፤ ምቱን ለጎረቤቱ ያካፍላል። ሳይንስ የሚያስተምር ሰው የድሮ ጫማ ቁራጭ ቀድዶ ጫፉን በአጉሊ መነጽር ቢያሳይ ተማሪዎቹ ክሮቹን ያያሉ።

ታዲያ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ይኸ ጥበብ ከአቅሙ በላይ የሆነ ባላጋራ ገጠመው፤ ነፍጥ። ከቅርብ የተተኮሰች የእርሳስ ጥይት ጋሻውን በስታ ሰውየውንም ትበሳለች። ንጉሡ ይህን ከብዙዎቹ የዘመኑ መሳፍንት ቀድሞ የተረዳ ይመስለኛል። አንድ ዐይኑ የጠፋ ቢሆንም በሩቁ ያይ ነበር። ከታጁራ በአፋር በረሃ አድርገው አልዩ አምባ ገበያ በሚደርሱት ነጋዴዎች በኩል ወደ ባሕሩ አማተረ። በ1832 ዓ.ም. ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ፈረንሳዊ መጣ፤ በ1833 ክረምት ደግሞ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን 300 ጠመንጃና ሁለት ትንንሽ መድፍ ይዞ አንኮበር ገባ። ውጤቱም በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ በ1835 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። ባሩድም እዚሁ አገር ይቀመም ነበር፤ ድኙ ከቆላው የእሳተ ገሞራ ተራሮች ይመጣል።

ነገር ግን ጠመንጃው የማን ነበር? የንጉሡ ብቻ! በግምጃ ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ዘመቻ ሲሆን ለተመረጡ ነፍጠኞች ይታደላል፤ ሲመለሱ ይመለሳል። እልፍ አእላፉ ዘማች ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ፣ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ ይከተላል። ዘመቻውም በአመዛኙ በዙሪያው ባሉት ኦሮሞዎች ላይ ነበር፤ መንደር ይቃጠላል፣ ከብት ይነዳል። እዚያ ማዶ የሚጠብቀውም ገበሬ ያው የቆዳ ጋሻ የያዘ ነው። ሁለት ድኻ በአንድ ዓይነት ቆዳ ተከልሎ ሲዋጋ የነፍጡ ባለቤት ሌላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ የባሰውም የሠሪዎቹ ነገር ነው። በአንኮበር አጠገብ በእመምህረት ተራራ ጫካ ጠቢባን የሚባሉ የእጅ ባለሙያዎች ይኖሩ ነበር። ንጉሡ ሙያቸውን ስለሚያውቅ ብዙዎቹን ከቤተ መንግሥቱ አስጠግቶ ያሠራቸው ነበር። ሕዝቡ ግን ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸዋል። ብረት ቀጥቃጩን እየናቁ በብረቱ መኩራት! እኔ እንደሚመስለኝ የሸዋን ጥበብ ወደ ኋላ ያስቀረው የአውሮፓ መሣሪያ አለመምጣቱ ሳይሆን ይኸው ንቀት ነው።

በሌላው ዓለም ጥይትን የሚችል ጋሻ ፍለጋው ቀጠለ። ስቴፋኒ ክዎሌክ የምትባል አሜሪካዊት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1965 ኬቭላር ለተባለው ክር መነሻ የሆነውን ግኝት አገኘች፤ ዛሬ የጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራው በዚህና መሰል ክሮች ነው። የጃፓኑ ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ካርቦን ናኖ ቱቦዎች ከጻፈ ወዲህ ደግሞ ተመራማሪዎች ክሩን በናኖ ቅንጣት ለማጠንከር ይሞክራሉ። አንዱ ዘዴ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣቶች ያሉበት ፈሳሽ በጨርቁ ውስጥ ማስረግ ነው፤ ፈሳሹ ቀስ ብለው ሲነኩት ይለሰልሳል፣ በኃይል ሲመታ ግን ወዲያው ይጠነክራል። የበቆሎ ስታርች በጥቂት ውሃ አቡክቶ በጡጫ የመታ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንግዲህ ደቃቅ ክርን አጠላልፎ ምቱን የማከፋፈሉ ሐሳብ የጎሽ ቆዳው ሐሳብ ነው።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። ሣህለ ሥላሴን ጨካኝ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም። ረኀብ በገባ ጊዜ ጎተራውን ከፍቶ ሕዝቡን መግቧል፤ በኋለኛው ዘመኑም ጎንቾ ታስረው ከኖሩት ዘመዶቹ ሰባቱን ፈቷል። በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ሲሞት ለልጁ ለኃይለ መለኮት የተረጋጋ አገርና በጠመንጃ የተሞላ ግምጃ ቤት ትቶለት ነበር። ስምንት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋ ሲገቡ ኃይለ መለኮት ታሞ ሞተ፤ አንጎለላ የተወለደው የዐሥራ አንድ ዓመቱ ምኒልክም ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ።